ካርሉ ካርሉን ለማየት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በአውስትራሊያ እምብርት፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተሰሜን፣ ክብ ክብ የግራናይት ቋጥኞች አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ካርሉ ካርሉ የሚባል ሥፍራ አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዴቭልስ ማርብልስ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «የሰይጣን ብይ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ሥፍራ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ለብዙ አንባቢ ይጠቅማሉ ያልኋቸውን አምስቱን መርጬ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በሜልበርን፣ ፉትስክሬይ የምኖር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ልጆቼ የቋጥኞቹን ሥዕል በትምህርት ቤት ካዩ ጀምሮ በሐምሌው ዕረፍት ካልወሰድከን እያሉ ይወተውቱኛል። ወዳጆቼ ደግሞ ‹ድንጋይ ለማየት ይህን ያህል መንገድ ይኬዳል ወይ?› ይሉኛል። መንገዱ ምን ያህል ይርቃል? ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስስ ይቻላል?»

መልስ፦ ልጆችዎን ይውሰዷቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈው አብዛኛው ስለ ርቀትና ስለ ጥንቃቄ ስለሆነ፣ ጉዞውን እንዲተዉ የምመክር እንዳይመስልብኝ ነው።

ካርሉ ካርሉ የሚገኘው በኖርዘርን ቴሪቶሪ ውስጥ፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ 393 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ከተናንት ክሪክ ከተማ ደግሞ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ በስቱዋርት አውራ ጎዳና ዳር ነው። ብዙ ሰው ኡሉሩ ከሚባለው ታዋቂ ግዙፍ ቀይ ዓለት ጋር ያቀላቅለዋል፤ ኡሉሩ ከአሊስ ስፕሪንግስ በሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚደርሱበት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን አያቅዱ። ከሜልበርን በመኪና ልነሳ ቢሉ በአደሌድ በኩል እስከ አሊስ ስፕሪንግስ ብቻ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳሉ። ጊዜ ላለው ቤተሰብ ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዞ ነው፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ላለው ግን አሊስ ስፕሪንግስ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ እዚያ መኪና መከራየቱ ይሻላል። አውራ ጎዳናው አስፋልት ስለሆነ ተራ የቤት መኪና ይበቃዎታል።

የመረጡት ወር ትክክለኛ ነው። እዚያ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ቀኑ ለስላሳ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ነው፤ ለልጆች ወፍራም ሹራብና ብርድ ልብስ መያዝ ግድ ይላል። በታኅሣሥና በጥር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ወቅት ሕፃናት ይዞ መሄድን አልመክርም።

በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የማይቻል አይደለም፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ደርሼ፣ 40 ደቂቃ ያህል ዞር ዞር ብዬ፣ ፎቶግራፍ አንስቼ ተመለስሁ። ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ቋጥኞቹ ጥላ አይጥሉም፤ ቀለማቸውም ደብዝዞ አቧራ የለበሰ የሸክላ ስብርባሪ ይመስላሉ። በሁለተኛው ጉዞዬ አድሬ ሳይ ግን ሌላ አገር የመጣሁ ያህል ተሰማኝ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቋጥኞቹ በመጀመሪያ እንደ በርበሬ፣ ቀጥሎ እንደ ፍም ይቀላሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ረጅም ጥላ ይወጣና አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ ያኔ ይታወቃል። ከጨለመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ አጠገብ ስቆም፣ እንጀራው ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ምጣዱ እንደሚሞቅ ሁሉ፣ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ፊቴ ላይ ሲተፋው ተሰማኝ። በማግሥቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ያው ቋጥኝ ቀዝቃዛ ነበር። ልጆችዎ ይህንን በእጃቸውና በጉንጫቸው እንዲያውቁት ከፈለጉ አንድ ሌሊት ያሳድሯቸው።

ለማደር ሁለት አማራጭ አለ። በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ድንኳን መትከያና ተጎታች ቤት ማቆሚያ ቦታ አለ፤ ቦታው አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ያለበት ሲሆን፣ ከኖርዘርን ቴሪቶሪ ውጭ የሚመጡ ጎብኚዎች ከዚህ በተጨማሪ የፓርክ መግቢያ ፈቃድ መግዛት አለባቸው። መጸዳጃው የጉድጓድ ነው፤ የመመገቢያ ጠረጴዛና የእሳት ማንደጃም ተሠርቷል፤ የመጠጥ ውሃ ግን ፈጽሞ የለም። ድንኳን የማይስማማችሁ ከሆነ ከቋጥኞቹ 9 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ ዎኮፕ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ከአሊስ ስፕሪንግስ ስትመጡ ቀድማችሁ የምታገኙት እርሷን ነው።

ስለ መንገዱ የማስጠነቅቅዎት በሜልበርን የማያጋጥምዎትን ነው። በዚያ ጎዳና ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በብዙ ቦታ 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ሦስትና አራት ተሳቢ የሚጎትቱ፣ ርዝመታቸው ከ50 ሜትር የሚበልጥ ከባድ መኪናዎችም ይጓዙበታል። እነርሱን ለመቅደም ከፊት ያለው መንገድ እስከ ሩቅ ድረስ ጥርት ብሎ መታየት አለበት፤ ካልታየ በትዕግሥት ከኋላ መከተል ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ካንጋሮና የቀንድ ከብት ወደ አስፋልቱ ስለሚወጡ በሌሊት አይንዱ፤ ብዙ የመኪና ኪራይ ውሎችም ከከተማ ውጭ በሌሊት መንዳትን ይከለክላሉ። በመካከሉ ኤይሌሮን፣ ቲ ትሪ፣ ባሮ ክሪክ የሚባሉ ማረፊያዎች ታገኛላችሁ፤ ነዳጅ መሙያ ባገኛችሁ ቁጥር ሙሉ፤ «የሚቀጥለው ላይ እሞላለሁ» አትበሉ። የሞባይል አገልግሎት በረጅም የመንገዱ ክፍል ስለማይሠራ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱም ለአንድ ሰው ተናግራችሁ ውጡ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር ውሃ አስቡ። ዝንቡ ብዙ ስለሆነ ለልጆቹ ፊት የሚሸፍን መረብ መግዛት አይከፋም።

ለወዳጆችዎ ጥያቄ ደግሞ፦ አዎን፣ ድንጋይ ለማየት ይኬዳል። ላሊበላ የሚሄደውም ሰው እኮ ከሩቅ ላየው ድንጋይ ነው የሚያየው።

ጥያቄ፦ «ከጎንደር ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን ወደዚህ ሥፍራ ልወስዳት አስቤ ስሙን ስነግራት፣ ‹የሰይጣን ስም የተጠራበት ቦታ በስተርጅና አልረግጥም፣ ልጄ› አለችኝ። ላስገድዳት አልፈልግም፤ ነገር ግን ስሙ ከየት እንደመጣ ባስረዳት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። (ከአደሌድ)»

መልስ፦ እናትሽ ስለ ስሙ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ የአገሩ ባለቤቶችም ያንን ስም አላወጡትም።

በ1870 አውስትራሊያን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚያቋርጠው የቴሌግራፍ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት መንገዱን የሚያጠና ጓድ ተልኮ ነበር። የጓዱ መሪ ጆን ሮስ እነዚህን ቋጥኞች ሲያይ፣ ይህ የሰይጣን አገር ነው፣ የብይ ከረጢቱን ሳይቀር እዚህ ዘርግፎታል የሚል ቃል መናገሩ ይተረካል። በውሃ ጥምና በሙቀት የተንገላታ መንገደኛ የተናገራት አንዲት ቃል በካርታ ላይ ተጽፋ ከመቶ ዓመት በላይ የቦታው መጠሪያ ሆነች። በዚያ ምድር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ሕዝቦች ግን ቦታውን ካርሉ ካርሉ ይሉታል፤ ትርጉሙም ክብ ክብ ድንጋዮች ማለት ነው። በሌላው ቋንቋቸው በአልያዋራ ደግሞ አይለፓራርንተንሄ ይባላል። ዛሬ በጥብቅ ሥፍራው ይፋ መጠሪያ ላይ ካርሉ ካርሉ የሚለው ስም ቀድሞ ይጻፋል። ስለዚህ እናትሽን «ካርሉ ካርሉ እንሂድ» ብትያቸው እውነቱን ነገርሻቸው እንጂ ማባበልሽ አይደለም።

ይሁንና አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ እዚያ ደርሰሽ ከማስረጃ ሰሌዳው ላይ ብታነቢው ያሳትኩሽ እንዳይመስልሽ። የቦታው ባለቤቶች ለጎብኚ እንዲነገር ከፈቀዱት ትረካ አንዱ አራንጌ ስለሚባል የጥንት ፍጡር ነው። ይህ ፍጡር በዚያ ሲያልፍ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ብቻ የሚታጠቁትን የፀጉር መቀነት እየፈተለ ነበርና፣ ከእጁ የወደቀው የፀጉር ጉንጉን ወደ እነዚህ ቋጥኞች ተለወጠ፤ ሲመለስም መሬት ላይ የተፋው ምራቅ በመካከለኛው ክፍል ያሉትን ቋጥኞች ሆነ፤ እርሱ ራሱም ወደ መጣበት ተመልሶ እስካሁን በዚያ ይኖራል ይባላል። እንግሊዝኛው አራንጌን «ዴቭል ማን» ብሎ ተርጉሞታል። ይህ ቃል ግን እናትሽ በቤተ ክርስቲያን ከሚያውቁት ሰይጣን ጋር ዝምድና የለውም፤ በእነዚያ ሕዝቦች ዘንድ አራንጌ ምድሪቱ መልኳን ስትይዝ ከነበሩት ቀዳማውያን አንዱ ነው። ለሌላ ሕዝብ እምነት ቃል ሲጠፋ ተርጓሚ ያገኘውን ቅርብ ቃል ይለጥፋል፤ እኛም ስለ ቆሌና ስለ አድባር ለባዕድ ስናስረዳ የሚገጥመን ችግር ይኸው ነው። ሌሎች ትረካዎችም አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ለእንግዳ የሚነገሩ አይደሉም።

የቦታው ባለቤቶች ዋሩሙንጉ፣ ካይቴጅ፣ አልያዋራና ዋርልፒሪ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። በጥቅምት 2008 የባለቤትነት መብቱ በሕግ ተመልሶላቸው፣ እነርሱም ቦታውን ለ99 ዓመት ለፓርክ አስተዳደሩ አከራይተው አሁን በጋራ ያስተዳድሩታል። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው፦ የሚሄዱት የሌላ ሕዝብ ደብር ወደሆነ ምድር ነው። ጎንደር ያደጉ ሰው በደብር ቅጥር ግቢ እንዴት እንደሚኬድ፣ ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ፣ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ያውቃሉ። ይህን ሰምተውም አልሄድም ካሉ ግን ተያቸው፤ የሌላውን ቅዱስ ቦታ ከሩቅ ማክበርም አንድ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የቋጥኞቹን ፎቶግራፍ ለተማሪዎቼ ሳሳይ ሁሉም ‹ማን አንስቶ አንዱን በአንዱ ላይ አስቀመጠው?› ይሉኛል። በቀላል ቋንቋ እንዴት ላስረዳቸው?»

መልስ፦ የተማሪዎችዎ ጥያቄ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል፤ መልሱም ማንም አላስቀመጠውም የሚል ነው። ላይኛው ቋጥኝ ከሌላ ቦታ መጥቶ አልተጫነም። ላይኛውና ታችኛው ጥንት አንድ ወጥ ዓለት ነበሩ፤ በመካከላቸው የነበረው ተበልቶ ሄደ እንጂ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ከሚበልጥ ዓመት በፊት ነው። ከመሬት ሆድ የቀለጠ ዓለት ወደ ላይ ሲወጣ በአሸዋ ድንጋይ ንጣፍ ሥር ተገድቦ ቀረ፤ በዚያም በዝግታ ቀዝቅዞ ግራናይት ሆነ። ግራናይት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በላዩ የነበረው ንጣፍ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተሸርሽሮ ክብደቱ ሲቀንስለት ደግሞ ይለጠጣል፤ በዚህ ሁሉ መካከል በቁመትም በአግድምም ይሰነጠቃል። እንግዲህ ግዙፉ ዓለት ገና ከአፈር ሥር ሳለ፣ ልክ እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ፣ በአራት ማዕዘን ብሎኮች ተከፋፍሎ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ውሃ በስንጥቆቹ ሰርጎ ገባ። በግራናይት ውስጥ ካሉት ማዕድናት አንዱ ፌልድስፓር ይባላል፤ ይህ ማዕድን በውሃ ኃይል ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈርነት ይለወጣል። አሁን ለተማሪዎችዎ አዲስ የልብስ ሳሙና ያሳዩአቸው። ጠፍጣፋው ገጽ በውሃ የሚጠቃው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ጠርዙ ከሁለት፣ ማዕዘኑ ግን ከሦስት አቅጣጫ ይጠቃል። ስለዚህ ማዕዘኑ ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ማዕዘን የነበረው ሳሙና እንቁላል ይመስላል። ግራናይቱም እንዲሁ ክብ ሆነ። በመጨረሻ ዝናብና ጎርፍ በብሎኮቹ መካከል የነበረውን የበሰበሰ አፈር ጠርገው ሲወስዱት፣ ጠንካራዎቹ ልቦች በነበሩበት ቀሩ፤ ከበላይ የነበረው በበላይ፣ ከበታች የነበረው በበታች። ዛሬ ስፋታቸው ከግማሽ ሜትር እስከ ስድስት ሜትር ይደርሳል።

ሥራው አሁንም አላቆመም። ቋጥኞቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው ከላይኛው ገጽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነሱ ስስ ንጣፎች ይታዩታል፤ ከሥራቸው ያለው ድንጋይ ደግሞ ቀለሙ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው። የምናውቀው ቀይ ቀለም በውጭ በኩል ብቻ የተቀባ የብረት ዝገት ነው። አንዳንዱ ትልቅ ቋጥኝ በቢላዋ የተከፈለ ብርቱካን ይመስል ለሁለት ተሰንጥቆ ቆሟል፤ በበረሃው የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ ድንጋዩ ሲለጠጥና ሲኮማተር ዘመናት ማለፋቸው ይህን ለመሥራት ከረዱት ነገሮች አንዱ ነው። ሚዛኑን ጠብቆ የተቀመጠው ሁሉ ለዘለዓለም አይቀመጥም፤ የሚያርፍበት ነጥብ እየጠበበ የሚሄደውም አንድ ቀን ይወርዳል።

ይህ አሠራር የአውስትራሊያ ብቻ አይደለም። በዚምባብዌ፣ ከሐራሬ አጠገብ በኤፕወርዝ፣ በተመሳሳይ መንገድ የተደራረቡ የግራናይት ቋጥኞች አሉ፤ አገሪቱም ሥዕላቸውን በገንዘብ ኖቷ ላይ አትማዋለች። የእኛ ደጋ አብዛኛው የተሠራው ግን ከግራናይት ሳይሆን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሚሆነው የእሳተ ገሞራ ባዛልት ነው። ባዛልትም ቢሆን እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለመንገድ ሥራ ተራራ በተቆረጠበት ቦታ ተማሪዎችዎን ወስደው ያሳዩአቸው፤ በቀይ አፈር መካከል ክብ ጥቁር ድንጋይ፣ ዙሪያውን በልጣጭ የተከበበ፣ ከግድግዳው ብቅ ብሎ ካዩ፣ ካርሉ ካርሉ ከአፈር ሳይወጣ በፊት ምን ይመስል እንደነበር አዩ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ወዳጆቻችን ከቋጥኞቹ ላይ ወጥተው የተነሱትን ፎቶግራፍ አይተናል። መውጣት ይፈቀዳል? ለመታሰቢያ አንዲት ጠጠር ብንይዝስ ማንን ይጎዳል? (ከፐርዝ)»

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርጉት። ካርሉ ካርሉ በኖርዘርን ቴሪቶሪ ሕግ የተመዘገበ ቅዱስ ሥፍራ ነው፤ ጎብኚዎች ቋጥኞቹ ላይ እንዳይወጡና ከተሠራው መንገድ እንዳይወጡ ተጠይቀዋል። ድሮን ማብረርም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከምድር ሆኖ መመልከት ደግሞ ምንም አያጎድልባችሁም። በ20 ደቂቃ የሚዞር አጭር የእግር መንገድ አለ፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ኑርኩ በተባለው የ4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዞ መኪናም ሰውም ከማይበዛበት ወገን ቋጥኞቹን ማየት ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ ከትልልቆቹ ቋጥኞች ጥላ ሥር ብትመለከቱ ትናንሽ ወፎች ከጭቃ እየለጠፉ የሠሩት፣ አፉ እንደ ብርሌ አንገት የወጣ ጎጆ ታገኛላችሁ። ላይ ከወጡት ጎብኚዎች አብዛኞቹ ይህን አላዩትም።

ስለ ጠጠሯ የሚከተለውን ታሪክ ልንገራችሁ። በአውስትራሊያ በረሃ ለሚኖሩ ሰዎች በአውሮፕላን ሕክምና የሚያደርሰውን የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት የመሠረተው ቄስ ጆን ፍሊን በ1951 ሲሞት፣ ለመቃብሩ የሚመጥን ምልክት ተፈለገና ከካርሉ ካርሉ አንድ ትልቅ ቋጥኝ በመኪና ተጭኖ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ተወሰደ። የወሰዱት ሰዎች ታላቅ ሰው ለማክበር አስበው እንጂ ክፉ አስበው አልነበረም፤ ነገር ግን የቋጥኙን ባለቤቶች አልጠየቁም። ያ ቋጥኝ በተለይ ለካይቴጅና ለዋሩሙንጉ ሴቶች የተቀደሰ ነበር። ለአሥርት ዓመታት አቤት ሲሉ ኖረው፣ ከብዙ ድርድር በኋላ ከ2000 በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ቋጥኙ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የአሊስ ስፕሪንግስ ምድር ባለቤት የሆኑት የአረንቴ ሕዝቦችም ለፍሊን መቃብር ምትክ የሚሆን ድንጋይ ከራሳቸው ምድር ሰጡ። ይህ የመጨረሻው ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል፤ የሟቹ መቃብር ባዶ ሆኖ እንዲቀር አልፈለጉም።

እኛ ይህን ታሪክ ለመረዳት ማስተርጎም አያስፈልገንም። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተቆራርጦ ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በመስከረም 2008 በአክሱም ዳግም ቆሞ ሲመረቅ ያለቀሱትን ሽማግሌዎች እናስታውሳለን። የካርሉ ካርሉ ባለቤቶች ምድራቸውን በሕግ የተረከቡት በዚያው ዓመት፣ ከወር በኋላ ነበር። ጠጠሯ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በዓመት የሚጎበኘው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ደግሞም ጉዳዩ የመጠን አይደለም። ልጆቻችሁ መታሰቢያ ከፈለጉ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና አንዱን ቋጥኝ መርጠው ተቀምጠው ይሣሉት።

ጥያቄ፦ «ከዳርዊን ተነስተን በሁለት መኪና የምንሄድ ዘመዳሞች ነን። እዚያ ስናድር ቡና አፍልተን ብንጠጣ፣ ዕጣንም ብናጨስ ይፈቀድልናል?»

መልስ፦ ይፈቀድላችኋል፤ ግን በሥርዓቱ። እሳት የሚነደው በተሠራለት ማንደጃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከጥብቅ ሥፍራው ጭራሮም ሆነ ግንድ መልቀም ስለማይገባ ማገዶውን ከሌላ ቦታ ይዛችሁ ሂዱ። ነፋስ በርትቶ እሳት ማንደድ የተከለከለበት ቀን ሊሆን ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ብትይዙ ይቀልላችኋል፤ በተከለከለ ቀን ግን እርሱንም መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። የዕጣኑን ፍም ቀንና ሌሊት ሰው ሳይጠብቀው አትተዉ፤ በዙሪያው ያለው ስፒኒፌክስ የተባለው እሾሃማ ሣር ዘይታም ስለሆነ ከደረቀ ጭድ የባሰ ይነዳል። የተረፈ ምግብ ውጭ ካደረም ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ይመጣል።

ምንጣፋችሁን ከዘረጋችሁ በኋላ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በቋጥኞቹ መካከል ግንዳቸው ነጭ የሆኑ ዛፎች ታያላችሁ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከዚህ አህጉር ተወስዶ አዲስ አበባን ማገዶና ጥላ የሰጣት የባህር ዛፍ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በአቅራቢያው ትልቅ ከተማ ስለሌለ ሰማዩ እስከ አድማሱ ድረስ በከዋክብት ይሞላል፤ ስለዚህ የባትሪ መብራቱን ለጥቂት ጊዜ አጥፉት። ሌሎች ሰፋሪዎችም ስላሉ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉ፤ ለጎረቤት አንድ ስኒ ማቅረብ ግን የትም አገር ያስመሰግናል። ለሦስት ስኒ ዙር፣ ለማጠቢያውም፣ ለነገው መንገድም የሚበቃ ውሃ ተናንት ክሪክ ላይ ሙሉ፤ ከዚያ በኋላ 105 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቋጥኞቹ አጠገብም ቧንቧ አታገኙም።